ተፈጥሯዊ ከሆነ እግዚአብሔር የለበትም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጭ የመጣውን አትላስን አንዳንዱ ጅራታም ኮከብ ነው ይላል፤ ሌላው ኤልየኖች የላኩት መንኮራኩር ነው ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ «ተፈጥሯዊ ነው ካልክ እግዚአብሔርን አስወጣኸው» አለኝ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ልጄ፣ የመጀመሪያውን ቶሎ ልጨርሰው። ከሌላ ኮከብ አካባቢ እንደመጡ በእርግጥ የታወቁት ሦስት የሰማይ አካላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተገኘው ቦሪሶቭ ጅራቱ ወለል ብሎ ስለታየ ብዙም አላጨቃጨቀም። ያገኘውም አንድ አማተር ሰው ነው፣ ራሱ በሠራው ቴሌስኮፕ። በ2025 የተገኘው አትላስም ጋዝና አቧራ እየረጨ ነው የመጣው። ጅራታም ኮከብ ነው።

ያስቸገረው የ2017ቱ ኦሙአሙአ ነው። ጅራት አልታየበትም። ብርሃኑ በየጥቂት ሰዓቱ እስከ አሥር እጥፍ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ ረጅም ወይም ጠፍጣፋ ነገር ሲገለባበጥ እንዲያ ይሆናል። ከፀሐይ ሲርቅም፣ በስበት ብቻ ሲሰላ ከሚጠበቀው ትንሽ ፈጠን አለ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አቪ ሎብ «ኤልየኖች የሠሩት፣ ነፋስ መርከብን እንደሚገፋ በብርሃን የሚገፋ ሸራ ሊሆን ይችላል» የሚል ሐሳብ አመጡ። ሌሎች በውስጡ ካለው በረዶ ያመለጠ ሃይድሮጂን ጋዝ ነው የገፋው አሉ። መልእክት ይልክ እንደሆነ በሬዲዮ ቴሌስኮፕም ተደመጠ፤ ጭጭ። ስሙ በሃዋይ ቋንቋ «ከሩቅ ቀድሞ የመጣ መልእክተኛ» እንደማለት ነው፤ ይሄ ስም ራሱ ወሬውን ሳያባብሰው አልቀረም። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ተፈጥሯዊ ነው ይላሉ፤ እኔንም ያሳመነኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛህ። ይህን አነጋገር ስንቴ ሰማሁት! በሽታው ከጀርም ነው ሲባል እንኳ ልቡ የሚደነግጥ ምእመን አለ። እግዚአብሔርን ገና ባልታወቀው ጥግ ብቻ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ዕውቀት አንድ እርምጃ ሲራመድ፣ እምነቱ አንድ እርምጃ ያፈገፍጋል። እስቲ ቃሉን ስማው፦ ፈጠረ፣ ተፈጠረ፣ ተፈጥሮ። «ተፈጥሯዊ ነው» ስንል እኮ የተፈጠረ ነው እያልን ነው። ታዲያ ይሄ ፈጣሪን በየት በኩል ያስወጣዋል? ዳዊት የከዋክብትን ብዛት የሚቆጥር፣ ሁሉንም በየስማቸው የሚጠራ ያለው እርሱን ነው። እኛ ትናንት ስም ያወጣንለት በረዶ ለእርሱ እንግዳ አይደለም።

ኤልየን ቢኖርስ? መጽሐፍ አለ አላለንም፤ የለም ብሎም በሩን አልዘጋም። ቢገኝም ያው ፍጡር ነው። በጸሎተ ሃይማኖት «የሚታየውንና የማይታየውን የፈጠረ» ስንል፣ እኛ የምናውቀውን ብቻ አላልንም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር ልበልህ። «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ፣ ምልክቱ ይኸው» እያሉ ሉቃስ 21፥25ን የሚጠቅሱ አሉ። በከዋክብት ምልክት ይሆናል ያለው ጌታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ማንም አያውቅም ያለውም እርሱ ነው። ኤርምያስም (10፥2) ከሰማይ ምልክት አትፍሩ ብሏል። በቪዲዮ ተሸብረህ ሌሊቱን ስትጎረጉር አድረህ፣ ጠዋት ለጸሎት መነሳት ካቃተህ፣ የጎዳህ አትላስ አይደለም፤ ስልክህ ነው።

አትላስማ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 2025 ወደ 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አልፎን ሄደ። የፀሐይ ስበትም ሊያስቀረው አይችልም። መልሱን ለጓደኛህ አንብብለት፤ ካልተዋጠለት አብራችሁ ኑና እንነጋገርበት።