ሂት ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት የቦይለርዎን ሁለት ቱቦዎች ይዩ

ጠያቂያችን አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ከአራት ቤተሰባቸው ጋር ይኖራሉ። ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለራቸው ቀድሞ ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር፤ አምና ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ክፍል) ከተለወጠ ወዲህ ግን አንድ ሰው ታጥቦ ሳይጨርስ ውሃው ለብ ይላል፤ የሻወሩ እጀታም አልፎ አልፎ ይነዝራል። ስለዚህ ቦይለሩን ጥለው ባለ 200 ሊትር ሂት ፓምፕ (ከአየር ሙቀት እየሰበሰበ ውሃ የሚያሞቅ መሣሪያ) ሊገዙ አስበዋል፤ የትኛውን ዓይነት ቢመርጡ እንደሚሻልም ይጠይቃሉ።

ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከጻፉት ሁሉ ያሳሰበኝ መንዘሩ ነው። ሁለቱም ችግሮች ከአምናው ጥገና በኋላ መጀመራቸውን ሳይ፣ ጠጋኙ ሬዚስታንሱን ሲለውጥ አረንጓዴና ቢጫውን የግራውንድ ሽቦ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደውን) ሳያስር ትቶታል፣ ቱቦዎቹንም አቀያይሯቸዋል ብዬ እጠረጥራለሁ። ግራውንዱ እስኪረጋገጥ ድረስ ቦይለሩ እየሠራ ማንም ሰው ገላውን እንዳይታጠብ። ውሃውን አሙቁ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ ታጠቡ። የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻውን አይበቃም፤ ፌዙን (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ትቶ ኒውትራሉን (መላሹን ሽቦ) ብቻ የሚቆርጥ ሆኖ የተገጠመ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል።

የቱቦዎቹን ጉዳይ ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። ቦይለሩ ሙሉ በሙሉ ከሞቀ በኋላ ብሬከሩን ያውርዱ፤ ሙቅ ውሃውን ከፍተው ከቦይለሩ ሥር ያሉትን ሁለት ቱቦዎች በእጅዎ ይዳስሱ። ቀይ ቀለበት ያለበት መጋል፣ ሰማያዊ ቀለበት ያለበት መቀዝቀዝ አለበት። ተገላብጦ ካገኙት ቀዝቃዛው ውሃ ከላይ እየገባ ከሙቁ ጋር ይደባለቃል፣ ወደ ሻወሩም የሚሄደው ከሥር ያለው ውሃ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ከሆነ 80 ሊትሩ እንደ 30 ሊትር ቢያገለግል አይገርምም። ውሃውን ዘግተው በእንግሊዝ ቁልፍ ቦታቸውን ይመልሱ፣ ቴፍሎኑንም በአዲስ ይለውጡ። ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ በሰማያዊው በኩል መሆን አለበት። በዚህ አጋጣሚ ቫልቩን ራሱን ይመርምሩት፤ ዛሬ ገበያውን የሞላው ነሐስ መሳይ ርካሽ ቫልቭ ስፕሪንጉ በአንድ ዓመት ይዝጋል። አንድ ቤት የከፈትኩት ቦይለር ላይ ጠጋኙ «ያንጠባጥባል» ብሎ የቫልቩን ቀዳዳ በተጠረበ እንጨት ደፍኖት አገኘሁ። 80 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ስለሚሰፋ መውጫ ያስፈልገዋል፤ ሲሞቅ ጥቂት ማንጠባጠቡ ጤናማ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ሂት ፓምፕ ሙቀትን ከአየር ሰብስቦ ወደ ውሃው የሚያሻግር መሣሪያ ነው። ይህን ለደንበኞቼ የማስረዳው ከማጀት ተነሥቼ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ባቄላውም ለመብሰል ይዘገያል። በፕሬዠር ኩከር ክዳኑ ሲገጠም ግፊቱ ይጨምርና የመፍያው ሙቀት ከፍ ይላል። ግፊትን በመቀነስና በመጨመር አንድ ፈሳሽ የሚፈላበትን ሙቀት ማውረድም ማውጣትም ይቻላል ማለት ነው፤ የሂት ፓምፕ ሥራ በሙሉ በዚህ ላይ ያረፈ ነው። ውስጡ የሚዞረው ፈሳሽ (በተለምዶ ጋዝ የምንለው) ዝቅ ባለ ግፊት ሲሆን የኅዳር ንጋት አየር እንኳ ያፈላዋል፤ ሲፈላም ከዚያ ቀዝቃዛ ከሚመስለን አየር ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕረሰሩ እንፋሎቱን ሲጨምቀው ይግላል፤ በጋኑ ዙሪያ በተጠመጠመው ቱቦ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውሃው አስረክቦ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። የፍሪጅዎ ጀርባ የሚሞቀው በዚሁ መንገድ ነው። 200 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 8.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል፤ ሬዚስታንስ ይህን ሁሉ ከቆጣሪዎ ይወስዳል፣ ቀን 20 ዲግሪ በሆነ አየር የሚሠራ ደህና ሂት ፓምፕ ግን 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ውድ እርከን የሚሸጋገር በመሆኑ ልዩነቱ በቢልዎ ላይ ይታያል። ሆኖም የከተማችን አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያመጣው ሙቀት ያንሳል፤ ስለዚህ በካታሎግ ላይ ከተጻፈው የማሞቂያ ሰዓት በላይ እንደሚወስድ ይጠብቁ። ታይመሩን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያድርጉት፤ ሌሊት በብርድ አየር ማሠራት ጥቅሙን ይቀንሰዋል።

ለአምስት ሰው 200 ሊትር ተስማሚ ነው። ጋኑና ማሽኑ አንድ ላይ የሆነውን እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ ሁለት ክፍል የሆነው ማሽን ግን የጋዝ ቱቦው በቦታው ስለሚገጠም በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በቫኩም ፓምፕ በደንብ መውጣት አለበት፣ ብዙ ገጣሚ ግን ይህን ይዘለዋል። ጋኑ ኢናሜል ከሆነ ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዥየም ዘንግ በየዓመቱ እየታየ ሲያልቅ ይለወጥ፤ የጉድጓድ ውሃ በሚመጣበት ሰፈር ቶሎ ያልቃል። ውሃ ሲሞላ ክብደቱ ወደ 300 ኪሎ ስለሚጠጋ በብሎኬት ግድግዳ አይሰቀልም፤ አየር በሚዘዋወርበት በረንዳ፣ በኮንክሪት ወለል ላይ ይቁም። ከማሽኑ ለሚንጠባጠበው ውሃም መፍሰሻ ያዘጋጁ። ሮቶዎ ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.3 ባር ብቻ ነው፤ የተሻለ ማሽን ቢገዙም ሻወሩ ደካማ ይሆናል፣ የውሃ መግፊያ ፓምፕ መጨመር ይኖርብዎታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፕረሰሩ ወዲያው እንዳይነሣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚያዘገይ የቮልቴጅ መከላከያ ይግጠሙለት። ሽቦ ሲገዙም ጫፉን ላጥ አድርገው በቢላ ይፋቁት፤ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም እንደ መዳብ እየተሸጠ ነው።

ግራውንዱን እንደገና አነሣለሁ፤ ሂት ፓምፑም በውስጡ መጠባበቂያ ሬዚስታንስ ስላለው አደጋው ያው ነው። ከመግጠማችሁ በፊት ባለሙያው በቴስተር ይለካ፦ በፌዝና በግራውንድ መካከል 220 ቮልት ገደማ፣ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ጥቂት ቮልት ብቻ መታየት አለበት። የመጀመሪያው ከዚያ በእጅጉ ካነሰ ሽቦው ከመሬት ጋር አልተገናኘምና የመዳብ ዘንግ ተተክሎ መስመሩ እንደገና ይሠራ፤ 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከርም ይጨመርበት። ይህ ሳይሠራ ማሽኑን አታስገጥሙ።