ጅማና ዙሪያዋ ካሜራ ይዞ ለሚወጣ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጫካ፣ ስለ ረግረግ፣ ስለ ወፍና ስለ ካሜራ ዕቃ የመጡትን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። የሰርግና የስቱዲዮ ፎቶ ሌላ ሙያ ነው፤ እሱን ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ እኛ አካባቢ ገንዘብ ካጠረ ከካሜራው ቀንሶ ሌንሱና የዕቃ ማስቀመጫው ላይ ማዋል ይሻላል። ጫካው ጨለማ ነው፣ አየሩ እርጥብ ነው፤ አዲስ ካሜራ ሁለቱንም አይፈታም።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ጋሼ፣ በለጠ ጫካ ሄጄ ጉሬዛ አነሳሁ። ግማሹ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፣ በሌላው ደግሞ ነጩ ፀጉር ወረቀት መስሏል። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

ካሜራህ ደህና ነው። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭን በአንድ ገላ ይዞ ጥላ ውስጥ ስለሚቀመጥ ለማንሳት ከሚከብዱት እንስሳት አንዱ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። ጥቁሩ ገላ ፍሬሙን ሲሞላው ጨልሟል ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ያኔ የጎኑና የጅራቱ ነጭ ፀጉር ይቃጠላል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። ያው እንስሳ ሰማይ ከጀርባው ሆኖ ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጥ ግን መለኪያው ሰማዩን አይቶ ይቀንሳል፣ ለአንተ ጥላው ብቻ ይቀርልሃል።

የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን፣ የፎቶውን ብርሃን የሚጨምርና የሚቀንስ ቁልፍ ተጠቀም። ጉሬዛው ፍሬሙን ከሞላና ከኋላው ቅጠል ከሆነ ከ0.7 እስከ 1 ቀንስ። ከኋላው ሰማይ ከሆነ ከ1 እስከ 2 ጨምር፤ ሰማዩ ነጭ ይሆናል፣ ይሁን። አንድ ፎቶ አንስተህ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ፎቶው ከጥቁር (ግራ) እስከ ነጭ (ቀኝ) ያለውን ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ እይ። ግራፉ ቀኝ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ከቆመ ሌላ 0.3 ቀንስ። ካሜራህ በራው፣ ማለትም ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት እንዲያነሳ አድርገው፤ ከጥቁሩ ውስጥ የፀጉሩን ዝርዝር በኋላ ማውጣት ይቻላል፣ ከተቃጠለ ነጭ ግን የሚወጣ ነገር የለም።

ብርሃን ለማስገባት ስለሚከፈተውና ስለሚዘጋው መጋረጃ፣ ስለ ሹተር ፍጥነትም ልጨምር። ተቀምጦ ቅጠል ለሚበላ ጉሬዛ 1/250 ሰከንድ ይበቃል፣ ለሚዘል 1/1000 ያስፈልጋል። ሌንስህ ሙሉ ዙም ላይ ኤፍ 5.6 ከሆነ (ኤፍ የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ቀዳዳው ይጠባል) ማለዳ ዛፍ ሥር 1/250 ለማግኘት አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ወይም 3200 መግባትህ አይቀርም። ግባ፤ ኖይዝ፣ ማለትም ፎቶው ላይ የሚታየው አሸዋ መሰል ነጠብጣብ፣ በኮምፒውተር ይለሰልሳል፣ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን አይታረምም።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አቋቋምህ ነው። ጉሬዛዎች ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ዛፉ ጫፍ ይወጣሉ። ከዛፉ ሥር ሆነህ ሽቅብ ካነሳህ ሆዳቸውንና ነጭ ሰማይ ታገኛለህ። ዳገት ፈልገህ ከቁልቁለቱ በበቀለው ዛፍ ጫፍ ትክክል ቁም፤ ከጀርባቸው ማዶ ያለው አረንጓዴ ጋራ ይገባልሃል፣ የመለኪያው ችግርም ግማሹ ይቃለላል።

ከአጋሮ፦ በለጠ ለመግባት ማንን ማናገር ያስፈልጋል?

በለጠ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ ሸቤ ሶምቦ ወረዳ ውስጥ ነው። ደኑን የሚጠብቁት የአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበራት ናቸው፤ ዋቡብ ይሏቸዋል። መጀመሪያ እነሱን አናግር፣ ከእነሱም አንድ ሰው አብሮህ እንዲሄድ ጠይቅ፣ ለድካሙም ክፈል። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ይህ ግዴታ ነው ብለህ ያዘው። ዛፍ ሥር በዘፈቀደ የበቀለ የሚመስለው ቡና ባለቤት አለው፤ ትልቅ ቦርሳ አዝሎ ብቻውን የሚዞር እንግዳ ደግሞ በደግ ዓይን አይታይም። አብሮህ የሚሄደው ሰው የትኛው ሾላ እንዳፈራም ያውቃል። ያፈራ ሾላ ካገኘህ እሱ ሥር ሁለት ሰዓት መቀመጥ ግማሽ ቀን ከመዞር ይበልጣል፤ ፍሬ የሚበሉ ወፎችም ጦጣዎችም ራሳቸው ይመጡልሃል።

ከመንደራ፦ ሌንሴን ወደ ብርሃን ሳዞረው ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አየሁ። በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ቁምሳጥን ላይ ነበር የማስቀምጠው፣ ሳልነካው ክረምቱ አለፈ።

እህቴ፣ ሻጋታ ነው። ዛሬውኑ ከሌሎቹ ሌንሶችሽ ለይተሽ አስቀምጪው። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሳምንታት ሲቆይ ሻጋታ ሌንስ ውስጥ ይበቅላል። የእኛ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው። ጨለማ፣ የማይንቀሳቀስ አየርና እርጥበት የሚይዝ ቆዳ ሲጨመርበት የቀረ ነገር የለም። ቦርሳ ለመንገድ ነው፤ ቤት ውስጥ ሌንስ በቦርሳ አይቀመጥም።

ጉዳቱን ለመለካት ሁለቱንም ክዳን አውጪና የስልክ መብራት ከኋላ በኩል አብሪበት። ጠርዝ ላይ ያለ ስስ ክር ፎቶ ላይ አይታይም፤ አድርቀሽ ተጠቀሚበት። መሃሉን ከያዘው ግን ፀሐይ ከፊት ስትመጣ ፎቶው እንደ ጭጋግ ይደበዝዛል። የፊተኛውን መስታወት ባለሙያ ያጸዳዋል። የውስጠኛው ከሆነ፣ በተለይ በርካሽ ዙም ሌንስ፣ የማስፈቻው ዋጋ ከሌንሱ ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድመሽ ጠይቂ። ሻጋታው ረጅም ጊዜ ከቆየ የመስታወቱን ሽፋን ይበላዋል፤ ቢጸዳም ምልክቱ ይቀራል።

ለወደፊቱ ክዳኑ ላይ የጎማ ማሸጊያ ያለው ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ሳጥን ግዢ። ከ200 እስከ 300 ግራም ሲሊካ ጄል በስስ ጨርቅ ቋጥረሽ አስገቢበት፣ ትንሽ የእርጥበት መለኪያም ጨምሪ። ከ40 እስከ 50 በመቶ መካከል ካሳየ ጥሩ ነው። ብርቱካናማው ዓይነት ውሃ ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ያኔ ትሪ ላይ ዘርግተሽ በ110 ወይም በ120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ብታቆዪው ቀለሙ ይመለሳል፣ ደግመሽ ትጠቀሚበታለሽ። ከዚያ በላይ ሙቀት ያበላሸዋል። ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት ስላለበት የምግብ ዕቃ ላይ አይሞቅም፤ ምርጫ ካለሽ አትግዢው። ሩዝ ያደርቃል የሚሉሽን አትስሚ፤ የሚስበው እርጥበት ጥቂት ነው፣ ብናኙ ግን ሌንስሽ ውስጥ ይገባል።

ከጅሬን፦ እኔ ሌንሴን በነጠላ ጫፍ ነው የምጠርገው። ንጹሕ ጥጥ ነው፣ ምን ክፋት አለው?

ክፋቱ ከጥጡ አይደለም፣ ከአቧራው ነው አባቴ። በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጉት መስታወቱ ላይ ያለውን አሸዋ እየገፉ ይፍቁበታል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ይንፉ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። የጣት አሻራ ከቀረ ብቻ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ አንድ ጠብታ የሌንስ ማጽጃ አድርገው ከመሃል ወደ ዳር እያዞሩ ይጥረጉት። ፈሳሹን ሌንሱ ላይ በቀጥታ አያፍስሱ፤ በጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከሊሙ ገነት፦ ያገለገለ ካሜራ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ከቤት ስትወጣ የራስህን ሜሞሪ ካርድ ያዝ። በመጀመሪያ የሹተሩን ቁጥር አጣራ፤ የጀማሪ ካሜራዎች ሹተር ብዙውን ጊዜ ለ100,000 ያህል ፎቶ የተሠራ ነው። በኒኮን አንድ ጄፔግ ካነሳህ ቁጥሩ ፋይሉ ውስጥ ይገኛል፤ ብዙዎቹ ካኖኖች ግን ፋይሉ ላይ አይጽፉትም፣ ስለዚህ የመያዣውን ጎማና የቁልፎቹን መፋቅ ተመልከት። ከዚያ ሌንሱን በኤፍ 16 አድርገህ ነጭ ሰማይ አንሳ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጸዳል፣ ጭረት አይጸዳም። ክዳኑን ሳትከፍት 10 ሰከንድ የፈጀ ፎቶም አንሳና የሚያበሩ ነጥቦችን ቁጠር፤ የሴንሰሩ ብልሽት ናቸው። ባትሪውን አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ አስተኛው፤ ከተወዛወዘ አብጧል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያባክነው ሌንስና ካሜራ ሳይገጥምለት ሲቀር ነው። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 መስመር ካሜራዎች የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት የድሮ ሌንሶች እነሱ ላይ በራሳቸው ፎከስ አያደርጉም። ኤኤፍ-ፒ የሚባሉት አዳዲሶቹ ደግሞ እንደ ዲ90 እና ዲ7000 ባሉ ቆየት ባሉ ካሜራዎች ላይ አይሠሩም። የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ ሙሉ ፍሬም (ትልቁ ሴንሰር) ባለው የካኖን ዲኤስኤልአር፣ ማለትም ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ ላይ አይገጥምም።

ለጀማሪ የእኔ ምርጫ ቆየት ያለ የካኖን ካሜራ ከ55-250 ሚሊሜትር ኤስቲኤም ሌንስ ጋር ነው። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ማረጋጊያ አለው፣ ቀላል ነው፣ በጀማሪ ካሜራዎች ትንሽ ሴንሰር ላይ እንደ 400 ሚሊሜትር ያቀርባል። በቅናሽ የሚሸጠው 75-300 ማረጋጊያ የለውም፤ ለጨለማ ጫካ አይመከርም።

ከሰጦ ሰመሮ፦ ቦዬ ረግረግ ላይ ባለዘውዱን ጥቁር ክሬን ሲበር ማንሳት እፈልጋለሁ። ሁልጊዜ ጀርባውን ነው የማገኘው።

ነፋሱን አላየህም። ትልልቅ ወፎች የሚነሱትም የሚያርፉትም ፊታቸውን ወደ ነፋስ አዙረው ነው። ነፋሱ ጀርባህን ሲመታህ ከተቀመጥክ ወደ አንተ አቅጣጫ ይነሳሉ። ጠዋት ከውሃው በስተምሥራቅ ብትሆን ፀሐዩም ከኋላህ ይሆናል። ሁለቱ ካልተስማሙ ፀሐዩን ምረጥ። 1/1600 ሰከንድ፣ ኤፍ 5.6 ወይም 6.3፣ አይ ኤስ ኦ አውቶ። ፎከሱን ተከታታይ አድርገው፤ በካኖን ኤአይ ሰርቮ፣ በኒኮንና በሶኒ ኤኤፍ-ሲ ይባላል። ክሬን ከመነሳቱ በፊት አንገቱን ወደፊት ዘርግቶ ጥቂት እርምጃ ይሮጣል፤ ጣትህን ያኔ ጫን።

እየተመገበ ሳለ ቀና ብሎ አንተን ማየት ከጀመረ ቀርበሃል፤ ወደ ኋላ ተመለስ እንጂ አትግፋው። በዝናቡ ወራት ሣሩ ውስጥ ጎጆ ስለሚሠሩ ወደ ረግረጉ መሃል መግባት ጫጩት ያስጥላል። ውሃው ጉማሬ የሚገኝበት ስለሆነ በንጋትና በምሽት በጉማሬና በውሃው መካከል አትቁም። ኤርፖርቱም ቅርብ ነው፤ ሌንስህን ወደዚያ አታዙር።

ከቆጪ፦ በድንገተኛ ዝናብ ካሜራውን በምን ልሸፍን?

በወፍራም ፌስታል። ታችኛውን ጫፍ ቀድደህ የሌንሱን አፍ አውጣና በሌንስ ሆዱ ዙሪያ በላስቲክ እሰረው፤ እጅህን በሰፊው አፍ አስገባ። ዝናብ እየዘነበ ሌንስ አትቀይር። ከቀዝቃዛው ውጪ ቡና ወደሚፈላበት ቤት ስትገባ ደግሞ ቦርሳውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትክፈተው፤ መስታወቱ ላይ ላብ ይይዛል።

ከጊንጆ፦ የቡና አበባ በስልክ ይነሳል?

በደንብ ይነሳል፤ የሚከብደው ቀኑን ማግኘቱ ነው። ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለ ከ8 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አበባው ይፈነዳል፣ ነጭ ሆኖ የሚቆየውም ከ2 እስከ 3 ቀን ነው። ስለዚህ ዝናቡ የጣለበትን ቀን ጻፊ። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ሂጂ። ስክሪኑ ላይ አበባውን ረዘም አድርገሽ ተጭነሽ ፎከሱን ቆልፊ፣ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጊ፤ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል በበዛበት ፍሬም ውስጥ ነጩ አበባ ልክ እንደ ጉሬዛው ፀጉር ይቃጠላል። በጣት አስፍተሽ አታቅርቢ፣ ራስሽ ቅረቢ። ፀሐዩ ከበረታ ነጭ ወረቀት ከላይ ያዢበት።

ካሜራ ካለሽ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ የ36 ሚሊሜትር ማራዘሚያ ቀለበት (ሌንሱን ከካሜራው አርቆ በጣም ቀርበሽ እንድታነሺ የሚያደርግ) ግጠሚ፤ የኤሌክትሪክ ንክኪ ያለውን ዓይነት ምረጪ፣ አለበለዚያ ኤፉን መቀየር አትችይም። ኤፍ 8 ወይም 11 ይበቃል፤ ከኤፍ 16 ካለፈ ጥራቱ ይወርዳል። የሚወዛወዘውን ቅርንጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ከእንጨት ጋር አስይዢው፣ ስትጨርሺ ፍቺው።

ከሄርማታ፦ ድሮንስ?

ያለ ፈቃድ አይበርም።