አኩማ በቴከን 7፦ ጠይቃችሁኛል፣ ልመልስ

ቴከን 7 በሚባለው የድብድብ ቪዲዮ ጌም ውስጥ ስላለው ተደባዳቢ፣ ስለ አኩማ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ቴከንን የማውቀው ከቴከን 3 ነው። ይሄ ቀይ ፀጉራም ሰውዬ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከስትሪት ፋይተር፣ ከሌላ የድብድብ ጌም። መጀመሪያ የታየው በ1994፣ ሱፐር ስትሪት ፋይተር 2 ተርቦ ላይ ነው፣ ያውም በድብቅ። የመጨረሻውን ቦስ (ዋናውን ተጋጣሚ) ልትገጥም ስትል ከየት መጣ ሳትል ይገባና ቦሱን ገድሎት አንተን ይጠብቅሃል። ጃፓኖች ጎኪ ይሉታል። ቴከን ናምኮ የሚባለው የጌም ኩባንያ ነው፣ አኩማ ደግሞ የካፕኮም። ቴከን 7 ላይ የገባው በ2016ቱ የአርኬድ (የሕዝብ መጫወቻ ማሽን) እትም ሲሆን፣ በፕሌይስቴሽን 4 ያገኘነው በ2017 ነው።

ጥያቄ፦ ታሪኩ ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? ለማሻሻጥ ብቻ ያስገቡት መስሎኝ ነበር።

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የጠረጠርኩት። ግን አኩማን ከታሪኩ ብታወጣው ታሪኩ ይፈርሳል። የቴከን ታሪክ በአባትና ልጅ ጠብ ላይ ነው፤ አባትየው ሄይሃቺ፣ ልጁ ካዙያ። የሄይሃቺ ሚስት፣ የካዙያ እናት ካዙሚ፣ በአንድ ወቅት የአኩማን ሕይወት አድናለች። ውለታ አለበት ማለት ነው። እሷ ደግሞ ባሏ ወደፊት ምን እንደሚሆን ገብቷታል። ስለዚህ እንዲህ ብላ አደራ ትሰጠዋለች፦ ሄይሃቺን እኔ መግደል ካልቻልኩ አንተ ግደለው፤ ልጄንም ጭምር። ሞከረች፣ አልቻለችም፣ ሄይሃቺ ራሱ ገደላት። ከዓመታት በኋላ አኩማ ሚሺማ ዶጆ (የሄይሃቺ ቤተሰብ ማሠልጠኛ) ድረስ መጥቶ ከሄይሃቺ ጋር ይጋጠማል፤ ከዚያ ወደ ካዙያ ያመራል።

የሚገርመኝ አደራ ተቀባይነቱ ነው። ስትሪት ፋይተር ላይ ይሄ ሰውዬ ከራሱ ጉልበት በቀር ለማንም ግድ የለውም። ጠንካራ ተጋጣሚ ፍለጋ ነው የሚዞረው። የቴከን ደራሲዎች ግን ፀባዩን ሳይነኩ ምክንያት ፈለጉለት። ውለታውን ይመልሳል፣ በዚያውም ጥሩ ድብድብ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ካዙያን ገደለው?

መልስ፦ ቴከን 7 ላይ አይታወቅም። ዋናው ታሪክ ካለቀ በኋላ ልዩ ምዕራፍ አለ፤ ወደ ሰይጣንነት የተለወጠው ካዙያ እና አኩማ ይፋለማሉ። ከባድ ድብድብ ነው፣ ጆይስቲክ ያስወረውራል። ብታሸንፍም ማን እንደወደቀ አያሳዩህም። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ አጣላሉ ከሌሎቹ በምን ይለያል? ጓደኛዬ “ሌላ ጌም ነው የሚጫወተው” ይላል።

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። የቴከን ሰዎች ተጠጋግተው ነው የሚደባደቡት። አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ኋላ፣ ሲስት ጠብቆ መቅጣት። አኩማ ግን የራሱን ሕግ ይዞ ነው የገባው።

አንደኛ፣ ዝላዩ። እንደ ስትሪት ፋይተር ከፍ ብሎ ጭንቅላትህ ላይ ያርፋል፣ አየር ላይ እያለም ወደ ታች እሳት ይወረውራል። ሁለተኛ፣ ጎሃዶከን፤ ከሩቅ የሚተኮስ የእሳት ኳስ። ሦስተኛ፣ ከሕይወት መስመሩ በተጨማሪ ስትሪት ፋይተር ላይ የለመድነው ጌጅ (የኃይል መስመር) አለው። ምት ሲያሳርፍም ሲቀበልም ይሞላል፣ ሲሞላ ጠንከር ያሉ ምቶችን ያወጣል።

ግን ዋናው ነገር ካንሰል ማድረጉ (ምቱን ማቋረጡ) ነው። ቁጢጥ ብሎ እግርህን በእርግጫ ይመታሃል። ሌላ ሰው ቢሆን እርግጫው እዚያው ያልቃል፣ ተራው ያንተ ይሆናል። አኩማ እርግጫው ሳያልቅ ያቋርጠውና ጎሃዶከን ይለቃል። ስለዚህ ከታች ያለውን ብሎክ ብታደርግም እሳቱ ተከትሎ ይመጣል፤ ተራዬ ነው ብለህ እጅህን ስትዘረጋ ትቃጠላለህ። ኮምቦው (ተከታታይ ምቱ) ውስጥ ከገባህ ደግሞ ቁጭ ብለህ ማየት ነው።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ የሚጨልምበት ምት እንዴት ይወጣል?

መልስ፦ ሹን ጎኩ ሳትሱ ይባላል። ሕይወቱ ሊያልቅ ሲል ሬጅ (የቁጣ ሁኔታ) ይገባል፤ ያኔ በፕሌይስቴሽን ቁልፎች ካሬ፣ ካሬ፣ ወደ ፊት፣ ኤክስ፣ ትሪያንግል። በፍጥነት። ተንሸራቶ ይይዝሃል፣ መጨረሻ ላይ ጀርባውን ያዞርልሃል፤ ጀርባው ላይ “ሰማይ” የሚል የጃፓን ፊደል አለ። ለመጎረር ተብሎ የተሠራ ምት ነው።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ትመክረዋለህ?

መልስ፦ አልመክርም። ቁልፍ እየደበደብክ የምትሸልልበት ሰው አይደለም። ስትሪት ፋይተር ተጫውተህ ከሆነ ግን እጅህ ቶሎ ይገባበታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ እየዘለለ እሳት ብቻ ነው የሚለቅብኝ። አበደብኝ! ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞሽ፣ መድኃኒት አለው። ጎሃዶከን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ቴከን ደግሞ ሦስት አቅጣጫ ያለው ጌም ነው። ወደ ጎን አንድ እርምጃ ብትወጪ ያልፍሻል። ወደ ኋላ አትሽሺ፣ እሱ የሚፈልገው ያንን ነው። እያለፍሽ ተጠጊው። ሲዘል ደግሞ አትደንግጪ። አየር ላይ ያለ ሰው በቀላል ቡጢ ከተነካ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ኮምቦው ያንቺ ነው። ሁለት ሦስቴ ከአየር ላይ ካወረድሽው መዝለሉን ይተዋል። ያኔ ዋናውን አኩማ መጫወት ከቻለ እናያለን።

ጥያቄ፦ እንደ አኩማ ከሌላ ቦታ ወደ ቴከን 7 ከመጡት እንግዶች ማን ይበልጣል?

መልስ፦ ጊስ ሃዋርድም ጌጅና ዝላይ ይዞ ስለመጣ ለአኩማ የሚቀርበው እሱ ነው። ኖክቲስና ኒጋን ግን በቴከን ሕግ ነው የሚደባደቡት። ደግሞ ሦስቱም ኋላ በተጨማሪ ክፍያ የመጡ ናቸው፤ በዋናው ታሪክ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ለእኔ አኩማ ይበልጣል፣ ያውም በሩቅ።

ጥያቄ፦ ቴከን ላይ የመጀመሪያው እንግዳ እሱ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ቴከን 3 ላይ ያቺን የምታናድድ ትንሽ ዳይኖሰር አታስታውስም? ስሟ ጎን ነው፤ የተወሰደችው ከጃፓን ማንጋ (የሥዕል መጽሐፍ) ነው። አጭር ስለሆነች ግማሹ ቡጢ በላይዋ ነበር የሚያልፈው።

ጥያቄ፦ ቴከን 8 ላይስ?

መልስ፦ የለም። ቴከን 8 በጥር 2024 ሲወጣ አኩማ አልነበረበትም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ስትሪት ፋይተር 6 ውስጥ ገብቷል፣ የናፈቃችሁ እዚያ ፈልጉት። የካዙሚ አደራ ግን አልተፈጸመም፣ ካዙያ ቴከን 8 ላይ በሕይወት አለ።