አያቱን የሚያገላብጠው ልጅ፣ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ጤና ወይም ሶሻል ወርክ መማር ከሚፈልጉ የሐዋሳ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የመጡ ናቸው። አሳጥሬያቸዋለሁ። ስም አላወጣሁም።

ከመናኸሪያ፣ 10ኛ ክፍል፦ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ፤ ፊዚክስ ግን አልወድም። ሶሻል ገብቼ በኋላ ጤና ብማርስ?

አይሆንም እህቴ። ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪ፣ ፋርማሲ በናቹራል በኩል ነው የሚገባው። ፊዚክስን ባትወጂውም ሁለት ዓመት ታገሺው። ፍላጎትሽ ችግር ላይ ያለ ሰው መደገፍ ከሆነ ግን በሶሻል በኩል ሶሻል ወርክ አለ። ሙያው እዚህ አገር አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ትምህርቱ በ1950ዎቹ ተጀምሮ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ተቋርጦ በ1990ዎቹ ተመልሷል። ለቀረው የትምህርት ቤትሽን ካውንስለር ጠይቂ።

ከታቦር፣ 12ኛ ክፍል፦ ነጭ ጋውን ከአሁኑ ልግዛ?

አትግዛ። የልብ ምት የምትለካበት፣ ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ግዛ።

ከአላሙራ፣ 11ኛ ክፍል፦ አያቴን ስትሮክ መቷቸው የቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። እናቴ ጠዋት ገበያ ስለምትወጣ የማጥባቸው፣ የማበላቸውና የማገላብጣቸው እኔ ነኝ። አንዳንዴ ከትምህርት እቀራለሁ። ጓደኞቼ «የሴት ሥራ» እያሉ ያበሽቁኛል። ነርሲንግ ብማር ያዋጣኛል? ደግሞ ከመቀመጫቸው በላይ ጠቆር ያለ ነገር አይቻለሁ።

የመጨረሻዋን መስመር ሳነብ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት። ያ ጠቆር ያለ ነገር የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ለጤና ባለሙያ አሳዩት። ነገ አትበሉ።

የነርሲንግ ተማሪ ሆኜ ለልምምድ በተመደብኩበት ክፍል አንድ አዛውንት ተኝተው ነበር። አንሶላቸው ንጹሕ፣ ብርድ ልብሳቸው በወጉ የታጠፈ። በየቀኑ ሙቀታቸውን እለካለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እሄዳለሁ። በሦስተኛው ቀን አንሶላ ልንቀይር ወደ ጎን አዞርናቸው። ከመቀመጫቸው በላይ ቡጢ የሚያስገባ ቁስል ነበር። ሦስት ቀን አጠገባቸው ቆሜ አላየሁትም። አንተ ግን አይተሃል። ማንም ሳያስተምርህ አይተሃል።

አሁን እንዴት እንደምትይዛቸው ልንገርህ። ሰው በአንድ ጎን ብዙ ሲተኛ አጥንት ቆዳውን ስለሚጫነው ደም በደንብ አይደርሰውም። መቀመጫ፣ ዳሌ፣ ተረከዝ ቶሎ የሚጎዱት ለዚህ ነው። በየሁለት ሰዓቱ አዙራቸው፤ ያዞርክበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፍ፤ እናትህ ስትመጣ ከዚያ ትቀጥል። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጅህ ዳስስ፦ ከአካባቢው ይሞቃል? ይጠነክራል? የተጎዳውን ቦታ አታሸው፣ ይብሳል። ከባታቸው ሥር ትራስ አድርግ፤ ተረከዛቸው አልጋውን አይንካ። ስታነሳቸው በደከመው እጃቸው አትጎትት፤ ትከሻቸው ሊወልቅ ይችላል። ስታበላቸው ቀጥ አድርገህ አስቀምጣቸው፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጡ። ውሃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ውሃው ወይም ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ለሐኪም ንገሩ። የደም ግፊት መድኃኒት ካላቸው «ተሽሏቸዋል» ብላችሁ እንዳታቋርጡ።

«የሴት ሥራ» ለሚሉህ፦ ሐዋሳ ላይ የትኛውም ሆስፒታል ገብተው ይዩ፤ ወንድ ነርስ ሞልቷል። የነርሲንግ ተማሪ በአሻንጉሊት ላይ የሚለማመደውን አንተ በአያትህ ላይ በየቀኑ ትሠራዋለህ። ያዋጣሃል። እኔን አዋጥቶኛል።

ከትምህርት መቅረቱን ግን አልቀበልም። ለክፍል ኃላፊ መምህርህ ሁኔታውን ንገር፤ አታፍርበት። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ዕድር አለ። ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል አብሯቸው የሚቆይ ሰው ፈልጉ። የሠፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቤት ድረስ ጥሯት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ ቤት ለቤት መሄድ ሥራዋ ነው።

ከሐይቅ ዳር፣ 11ኛ ክፍል፦ ደም ሳይ ያዞረኛል። ጤና ልተው?

አትተዪ። ብዙ ሰው እየለመደ ሲሄድ ማዞሩ ይተወዋል። ሲያዞርሽ ተቀመጪ፤ የእግርና የእጅ ጡንቻሽን አጥብቀሽ ያዢና ቆይተሽ ልቀቂ፣ ደግመሽ እንዲሁ። ሳትበዪ ክሊኒክ አትግቢ። ያለ ምክንያትም ራስሽን የምትስቺ ከሆነ ግን ሐኪም ይይሽ።

ከምሥራቅ፣ 9ኛ ክፍል፦ የጤና ክበብ አባል ነኝ። አንዲት ልጅ ሚስጥሯን ነገረችኝ፤ ጓደኞቼ ንገሪን ይሉኛል።

አትንገሪያቸው። ለእናትሽም ቢሆን። ልጅቷ እየተጎዳች ወይም ራሷን ልትጎዳ ከሆነ ብቻ ዝም አትበዪ፤ ለምታምኚው መምህር ወይም ለጤና ባለሙያ ንገሪ። እንደምትነግሪም አስቀድመሽ ለራሷ አሳውቂያት።

ከባሕል አዳራሽ፣ 10ኛ ክፍል፦ ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ የሚጥል በሽታ ተነሳበት። ክብሪት አሸተቱት፣ ማንኪያ አፉ ውስጥ ከተቱ። ትክክል ነው?

ሁለቱም ስህተት ነው! ክብሪት ጭስ ከመሆን አያልፍም። ማንኪያ ጥርስ ይሰብራል፣ ትንፋሽ ይዘጋል። ወንበርና ጠረጴዛውን አርቁ። ጭንቅላቱ ሥር ሹራብ አድርጉ። አትያዙት፣ አትጫኑት። መንዘፍዘፉ ሲቆም በጎኑ አስተኙት፤ እስኪነቃ አትለዩት፤ ደህና ሳይነቃ ውሃ አትስጡት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ከተጎዳ፣ ወይም ሲይዘው የመጀመሪያው ከሆነ አትጠብቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ደውሉ፣ ወይም ባጃጅ አስቁማችሁ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አንዳችሁ ሰዓት ያዙ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።