ወንዙ ይክሰስ ካላችሁ ማን እንደሚቆምለት አስቡ

ሰሞኑን ወጣት የሕግ ተማሪዎች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ነገር አንድ አይነት ሆኗል፣ ጋሼ ወንዝ መብት ሊኖረው ይችላል ወይ፣ ደን እንደ ሰው ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል ወይ ይላሉ። ግማሾቹ እየሳቁ ነው የሚያነሱት። እኔ ዕድሜዬን በጥብቅና የጨረስኩ ሰው ነኝና ብዙም አያስቀኝም፣ ሕግ ሰው ላልሆነ ነገር መብት ሲሰጥ የኖረ ነው። ካምፓኒ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ባንክ አካውንት ይከፍታል፣ ግን ካምፓኒን በአይኑ ያየ የለም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለቤተክርስቲያን የሕግ ሰውነት ሰጥቷል፣ ያልተወለደ ፅንስ እንኳን ጥቅሙ ከጠየቀ እንደተወለደ ይቆጠርለታል (በሕይወት ተወልዶ መኖር የሚችል ከሆነ ነው ታዲያ)። ከዛም በፊት ቢሆን በታቦት ስም የተያዘ መሬት ስንት ነበር። ስለዚህ "ወንዝ አይናገርማ" የሚለው ለኔ ክርክር አይደለም፣ ካምፓኒም አይናገርም፣ ሥራ አስኪያጁ ነው የሚናገርለት።

የወንዙ ሥራ አስኪያጅ ማነው ነው እንግዲህ ጥያቄው።

ኢኳዶር እ.ኤ.አ በ2008 ሕገ መንግስቷ ላይ ተፈጥሮ ራሷ መብት አላት ብላ ጻፈች። ከሦስት ዓመት በኋላ የቪልካባምባ ወንዝ ጉዳይ መጣ፣ የአካባቢው አስተዳደር መንገድ ሲያሰፋ ድንጋዩንና አፈሩን ወንዙ ውስጥ ይደፋል፣ ሁለት ነዋሪዎች በወንዙ ስም ከሰሱ፣ ረቱም። ማስፈጸሙ ላይ ግን ነገሩ እየጎተተ ነው የሄደው፣ መርታትና ማስፈጸም ለየቅል መሆኑን ማንኛውም ጠበቃ ያውቀዋል። ኒውዚላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2017 የዋንጋኑይ ወንዝን ሕጋዊ ሰው አድርጋ ሁለት ጠባቂ አቆመችለት፣ አንዱን መንግስት ይመርጣል፣ አንዱን የወንዙ ዳር ማኦሪዎች (የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው)፣ ገንዘብም ተመደበለት። እዛ ሕጉ የያዘው ሕዝቡ ከመቶ ዓመት በላይ "ወንዙ የኛ ነው፣ እኛም የወንዙ ነን" እያለ ስለተሟገተ ነው እንጂ አንቀጹ አምሮ ስለተጻፈ አይደለም። በዛው ዓመት ሕንድ ውስጥ የኡታራክሃንድ ፍርድ ቤት ጋንጀስንና ያሙናን ሰው ናቸው አለ፣ የክልሉ መንግስት ደነገጠና ወንዙ ሞልቶ ሰው ቢያሰጥም ካሳውን ማን ይከፍላል ብሎ ወደላይ ሄደ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጥቂት ወራት ውስጥ ውሳኔውን አገደው። ጥያቄው ቂል ይመስላል ግን አይደለም፣ መብት ያለው ሰው ይጠየቃልም።

ወደኛ ስንመጣ ሕገ መንግስታችን አንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይላል፣ ግን መብቱ የሰው ነው። አቃቂ ወንዝ የሚጠበቀው እኛን ስለሚያሳምመን ነው እንጂ ስለራሱ አይደለም። ልዩነቱ ካሳ ላይ ነው የሚታየው። ፋብሪካ ወንዙን መርዞ ገበሬው ከብቶቹ ቢያልቁበት ካሳው ለገበሬው ይከፈላል፣ ተገቢ ነው፣ ወንዙ ግን እንደሞተ ይቀራል፣ ፋብሪካውም ካሳውን ወጪ ላይ ጽፎ ይቀጥላል። ባለመብቱ ወንዙ ቢሆን ገንዘቡ ወንዙን ለማዳን ነው የሚውለው። እኔን ወደዚህ ሐሳብ የሳበኝ ይሄ ነው፣ የተቀረው ፍልስፍና ምናምን ለወጣትነታችሁ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ያሰጋኛል። "ተፈጥሮ መብት አላት" የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሚያነሳው አቅም ያለው ሰው እንዳይሆን። በ1996 አካባቢ ፓርኩ ይጠበቅ ተብሎ እዛው የሚኖሩትን ኮሬዎችንና ጉጂዎችን ከነጭ ሳር ፓርክ ለማንሳት የተደረገውን አንብቡ። ጠባቂውን ቢሮ ብቻ ከሾመው አርብቶ አደሩ ተከሳሽ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ቦረና ላይ የኤላ (የጥልቅ ጉድጓድ) ውሃን በተራ የሚያከፋፍሉ አባ ሄሬጋዎች እያሉ ውሃ መጠበቅን ከአዲስ አበባ ሄደን ልናስተምር ማለት ነው። ጠባቂው ውስጥ በውሃው የሚኖር ሰው ከሌለ እኔ ፊርማዬን አላኖርበትም።

እስከዛው ግን እጃችሁ ላይ ያለውን ሕግ አትናቁት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓታችን አንቀጽ 33 በክሱ ጥቅም ወይም መብት የሌለው ሰው ከሳሽ አይሆንም ይላል፣ በ1995 የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 ግን ማንኛውም ሰው ጥቅም አለኝ ብሎ ሳያስረዳ አካባቢን የሚጎዳን ሰው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ብሎ በሩን ከፍቶታል። ወንዙን ሰው አላደረገውም፣ ግን እያንዳንዳችሁን የወንዙ አፍ አድርጓችኋል። በዚህ በር ስንት ሰው ገባ ብትሉኝ በጣት የሚቆጠር ነው፣ የአቃቂና የሞጆን ወንዝ ይዞ አንድ የሲቪክ ማህበር የአካባቢ ጥበቃውን መስሪያ ቤት ከሶ ነበር፣ ክሱ አልሰመረም፣ ተከሳሽ ሊሆን የሚገባው በካዩ ነው ተባለ።

እና በካዩን ማሳየት ነው ሥራው፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ጥሩ ልብ ያላቸው ልጆች የሚሸነፉት። ጥቁር ውሃ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ማስረጃ አይደለም። ወንዙ ውስጥ የቆዳ ፋብሪካው ክሮሚየም አለ፣ የጋራዥ ዘይት አለ፣ የኛ የሁላችንም ሽንት ቤት አለ፣ የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚለው "ከኔ መሆኑን በምን አወቅክ" ነው (እኔም እሱን ብሆን ይሄንኑ ነው የምለው)። ስለዚህ ከፋብሪካው መውጫ ቱቦ በላይ አንድ ናሙና፣ ከቱቦው አፍ አንድ፣ ከታች አንድ ውሰዱ፣ ቀን ሰዓትና ቦታ ጻፉ፣ ምስክር አስፈርሙ፣ ጠርሙሱ ከእናንተ እጅ ላብራቶሪ እስኪገባ ማን ማን እጅ እንደነበረ መዝግቡ። ይሄን የሕግ ተማሪ ብቻውን አይችለውም፣ ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ሄዳችሁ ጓደኛ ያዙ። ፋብሪካው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ (ሥራው አካባቢውን ምን እንደሚያደርገው አስቀድሞ የሚጠናበት ነው) ሰርቶ ከሆነም ሰነዱን ጠይቁ፣ እዛ ላይ አጣራለሁ ብሎ ቃል የገባው ነገር አንዳንዴ ከላብራቶሪው ውጤት ይበልጣል።

ደግሞ እዛ ፋብሪካ የሚሰራውን ሠራተኛ ጠላት አታድርጉት። ማጣሪያው ማታ ማታ እንደሚጠፋ ካንተ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ሥራውን እንዳታሳጣው የምትጠይቁት ፋብሪካው እንዲዘጋ ሳይሆን ማጣሪያውን እንዲያሰራ መሆኑን ቀድማችሁ ንገሩት፣ ስሙንም ደብቁለት።

አቤቱታውን ለአካባቢ ጥበቃው መስሪያ ቤት ስታስገቡ ኮፒው ላይ የመዝገብ ቤቱን ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ሳትቀበሉ ከቢሮው እንዳትወጡ። አዋጁ ላይ መስሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይ ውሳኔው ካልጣማችሁ በ60 ቀን ውስጥ ነው ፍርድ ቤት የምትሄዱት፣ ሕግ ይሻሻላልና በሥራ ላይ ያለውን ቅጂ አስቀድማችሁ እዩ። ቀኑ ካለፈባችሁ ዳኛው ስለ ወንዙ አንዲት ቃል ሳይሰማ ነው መዝገቡን የሚዘጋው።