ወንበሩ ለምን 212 ጊዜ ቆጠረ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነው። ስለ ቴክኖሎጂ እየቀለደ መጻፍ ይወዳል፤ የላከልን ደብዳቤ ራሱ ግማሹ ቀልድ ነው። «ፕሪንተር ፍርሃት ይሸተዋል፤ ወረቀት የለኝም የሚለው ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ብቻ ነው» ይላል። «ኮምፒውተሬ አፕዴት ማድረግ የሚያምረው ፕሬዘንቴሽን ልጀምር ስል ነው» ይላል። አልጋው ሥር የተቀመጡ ፕሮጀክቶች አሉት፤ በእሱ አባባል ሁሉም «ዘጠና በመቶ ያለቁ» ናቸው። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሥራ ስፈልግ ይህን ቀልደኝነቴን ልደብቀው ወይ? ደግሞስ ጓደኞቼ ሲከራከሩ የማላውቀው ነገር ይበዛል፣ እነሱ ሌሊቱን ኮድ ሲጽፉ ያድራሉ፣ እኔ እተኛለሁ፤ እውነተኛ ጊክ (በቴክኖሎጂ ፍቅር ያበደ ሰው) ካልሆንኩ ኢንጂነር መሆን እችላለሁ ወይ?

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለሳቅ፣ አንዴ ለሥራ።

ከኋለኛው ጥያቄ ልጀምርና እንገላገለው። ተኛ። ጓደኞችህ የሚጣሉባቸው ቪአይ እና ኢማክስ የሚባሉት የኮድ መጻፊያዎች ሁለቱም ብቅ ያሉት በ1976 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የትኛው ይበልጣል የሚለው ጭቅጭቅ በዕድሜ ሁላችሁንም ያስከነዳል፤ እስካሁንም ያሸነፈ የለም። እኔ በጠያቂነት በተቀመጥኩባቸው ቃለ መጠይቆች ሁሉ «ስክሪንህ ጥቁር ነው ነጭ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልገጠመኝም።

ጊክነት የሚባለው ነገር ሁለት ነገር ተቀላቅሎበታል። አንዱ ልብሱ ነው፤ ስቲከሩ፣ የሚንጣጣው ኪቦርድ፣ ያልገባህ ቀልድ ሲነገር እንደገባው ሰው መሳቅ። ሌላው አንድ ነገር ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ካልገባው የሚያሳክከው ሰው መሆን ነው። እንዲህ ያለው ሰው እንቅልፍ ቢወስደው እንኳ ጠዋት ተነስቶ ወደዚያው ነገር ይመለሳል። ልብሱ በገንዘብ ይገዛል። ማሳከኩ አንተ ጋ እንዳለ ግን ደብዳቤህ ራሱ መስክሮብሃል፤ ስለ ወንበሩ ጽፈሃልና።

እንዲህ ነበር ያልከው። ቁጭ ብዬ የማጠናበትን ሰዓት ይቆጥርልኝ ብለህ ከወንበርህ ትራስ ሥር አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ደበቅክ፤ ሽቦዋን አርዱይኖ ከምትባለው ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር አገናኘህ፤ ማታ ስክሪኑን ስታየው «ዛሬ 212 ጊዜ ተቀምጠሃል» አለህ። «ወይ ወንበሩ ውሸታም ነው፣ ወይ እኔ እሾህ ላይ ነው የተቀመጥኩት» ብለህ ጻፍክ። ጓደኞችህ ሳቁ። ዕቃው አልጋ ሥር ገባ።

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን እጄን በላኝ። ማብሪያዋ ውስጥ ያሉት ሁለት ብረቶች ሲገናኙ አንዴ ገጥመው ዝም አይሉም። ወለል ላይ እንደወደቀ ኳስ ይነጥራሉ፤ ይለያያሉ፣ ይገናኛሉ፣ ደግመው ይለያያሉ። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ስለሆነ አንተ አንድ «ቀጭ» ብቻ ነው የምትሰማው። አርዱይኖዋ ላይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር (ኮዱን የሚፈጽመው ቺፕ) ግን በሰከንድ ሚሊዮኖች ትእዛዝ የሚፈጽም ነው፤ እያንዳንዷን ንጥረት እንደ አዲስ መቀመጥ ይቆጥራታል። ባውንስ የሚሉት ይህን ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ወይ ሬዚስተርና ካፓሲተር በሚባሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ምልክቱን ማለስለስ፣ ወይ ኮዱ የመጀመሪያውን ለውጥ ካየ በኋላ ለ20 ወይም ለ50 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሌላውን እንዳይሰማ ማድረግ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ የፈተና ጥያቄ ብቻ ነበር። አንተ ግን ሰው ነህ፤ ወንበር ላይ ትቁነጠነጣለህ። ጎንበስ ስትል፣ እግርህን ስታነባብር፣ የወደቀ እስክሪብቶ ስታነሳ ክብደትህ ከማብሪያዋ ላይ ተነስቶ ይመለሳል። ይህ በሰከንድ የሚለካ ነውና 50 ሚሊ ሰከንድ መታገስ ምንም አይፈይደውም። ታዲያ ከ212ቱ ስንቱ የብረቶቹ ንጥረት ነው፣ ስንቱ የአንተ መቁነጥነጥ? ይህን ከድምሩ ልታውቀው አትችልም። ድምሩን ተውና እያንዳንዱ ለውጥ የሆነበትን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ መዝግብ። ከአንዱ ለውጥ እስከሚቀጥለው ያለውን ጊዜ ስታሰላው ሁለት ክምር ታያለህ ብዬ እጠብቃለሁ፤ አንዱ ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ላይ፣ ሌላው ከዚያ በጣም ርቆ ሰከንዶች ላይ። ለሁለቱ የሚሰጠው መድኃኒት የተለያየ ነው። ከዚያ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ በል፤ ስንት ቆጠረ? ኮዱን አስተካክልና እንደገና አሥር ጊዜ። የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ለወገብም ጥሩ ነው።

ከዚያ ምሽት የሚተርፍህ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ነው፤ ቀጣሪ ፊት ስትቀርብ ያ ግማሽ ገጽ ስንቅህ ይሆናል። «የገጠመህን ችግርና እንዴት እንደፈታኸው ንገረን» መባልህ አይቀርም። አብዛኛው ተማሪ «በቡድን ሥራ ላይ አለመግባባት ነበር፣ ተነጋግረን ፈታነው» ይላል፤ እኛም አንገታችንን እየነቀነቅን ሰዓት እናያለን። አንተ «ወንበሬ በቀን 212 ጊዜ ተቀምጠሃል አለኝ» ብለህ ጀምር። ይስቃሉ። ሳቁ ሳይበርድ ለምን እንደሆነ፣ ሁለቱን መንስኤዎች በምን እንደለየሃቸው፣ ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ቁጥሩ ስንት እንደነበረ ንገራቸው። ያኔ ወረቀት ላይ መጻፍ ሲጀምሩ ታያለህ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄህ መልስ እዚሁ ውስጥ አለ። ቀልድህን አትደብቀው፤ ከቀልዱ ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ግን ጻፈው። አሁን ያሉት ቀልዶችህ ሳቁ ላይ ይቆማሉ። ፕሪንተሩን እንይ። ብዙ ፕሪንተሮች ወረቀት መኖር አለመኖሩን የሚያውቁት በአንዲት የፕላስቲክ ምላስ ነው። ወረቀት ሲኖር ምላሷ ትገፋና የአንድ ትንሽ የብርሃን ሴንሰር መንገድ ትዘጋለች ወይም ትከፍታለች። ምላሷ ከተጣበቀች ወይም ጫፏ ከተሰበረ ትሪው ጢም ብሎ ሞልቶም ማሽኑ ወረቀት የለኝም ብሎ ይምላል። ማስረከቢያውን ቀን ጠብቆ የሚያምጽ የሚመስልህ ደግሞ አንተ የምታትመው ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ይሆናል፤ በሌላው ቀን ቢያምጽ ማን ያየዋል? ይህን ስትጨምርበት ቀልዱ አልተበላሸም። አንባቢው ግን ጸሐፊው ክዳኑን ከፍቶ ያየ ሰው መሆኑን ያውቃል።

ሙያው ራሱ እንዲህ ሲቀልድ ነው የኖረው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ሃርቫርድ ማርክ 2 በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች አንዱ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ውስጥ የገባች የእሳት ራት አገኙ። መዝገቡ ላይ በፕላስተር ለጥፈው «በእውን የተገኘ የመጀመሪያው ባግ» ብለው ጻፉበት። («ባግ» በእንግሊዝኛ ነፍሳት ማለት ነው፤ እንዲህ አድርጌ የምጽፈው በግ ሪሌ ውስጥ እንዴት ገባ እንዳትለኝ ነው።) ቃሉ ለብልሽት መጠሪያነት ከዚያ በፊትም ነበር፤ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይገኛል። ቀልዱ የሚያስቀውም በዚህ ነው፤ ስንት ዘመን በስም ብቻ ሲነሳ የኖረው ነፍሳት በአካል መጣ። እኔን የሚደንቀኝ ግን ከቀልዱ በላይ ያለው መስመር ነው። ሰዓት 15፡45፣ ሪሌ ቁጥር 70፣ ፓነል ኤፍ። እየሳቁም የተበላሸውን ቦታ በቁጥሩ መዝግበዋል።

የባሰም አለልህ። ኤፕሪል 1 ቀን 1990 የኢንተርኔት አሠራር በሚደነገግባቸው ሰነዶች ተርታ ቁጥር 1149 ሆኖ አንድ ሰነድ ወጣ፤ የኢንተርኔት ፓኬት (መረጃ ተከፋፍሎ የሚላክበት ትንሽ እሽግ) በመልእክተኛ እርግብ እንዴት እንደሚላክ የሚያስረዳ። ቀኑን ልብ በል፣ ሰው የሚሞኝበት ቀን ነው። አጻጻፉ ግን እንደ ሌሎቹ ሰነዶች ኮስተር ያለ ነው። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ ኖርዌይ ውስጥ በርገን ከተማ ያሉ ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ወዳጆች የምር እርግብ አምጥተው፣ ፓኬቱ የታተመበትን ወረቀት እግሯ ላይ ጠቅልለው ለቀቋት። 9 ፓኬት ላኩ፤ መልስ የመጣው ለ4ቱ ነው፤ 55 በመቶው ጠፋ። ፈጣኑ መልስ 53 ደቂቃ ፈጀ፤ የዘገየው ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አለፈ። ታሪኩን የሰማ ሁሉ የሚያስታውሰው እርግቦቹን ነው። እኔ የምወድላቸው ያን 55 በመቶ ነው፤ ቀልዱን ለክተውታል። አልጋህ ሥር ያለው ዕቃ ከነሱ እርግብ የሚያንስበት ሌላ ነገር አላየሁም።

አሁን የት እንደማይቀለድ ልንገርህ፤ ይህን የተማርኩት በገዛ ራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ድርጅት ፕሮግራም ስጽፍ፣ መቼም አይደረስበትም ያልኩት ቦታ ላይ «እዚህ ከደረስክ አንተም እኔም ተሳስተናል» የሚል መልእክት አስቀመጥኩ። ለብቻዬ ነበር የሳቅኩት። ብዙም ሳይቆይ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የወር መዝጊያ ማታ ላይ እዚያው ቦታ ደረሰች። ደውላ «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። መልእክቴ ምን እንደተበላሸ አልነገራትም፣ የጻፈችው ይትረፍ ይጥፋ አልነገራትም፣ ቀጥሎ ምን ታድርግ አልነገራትም። ቀልዱ የእኔ ነበር፤ ያመሸችው እሷ ነች። ኮድ ውስጥ ለባልደረባ የተተወ ማስታወሻ ላይ ቀልድ፤ ለሙከራው መሣሪያ ያሻህን ስም አውጣለት። ተጠቃሚ በሚያየው የስሕተት መልእክት፣ በአደጋ ማስጠንቀቂያ፣ በብልሽት ሪፖርት ውስጥ ግን እጅህን ሰብስብ። «ይህንንም አታውቅም?» የሚለውንም አትልመድ። ጊክ መንደር ውስጥ እንደ ቀልድ ነው የሚቆጠረው፤ አንተን ግን ይኸው ደብዳቤ አስጽፎሃል።

ስለ ሲቪው ብዙ አልልም። «ቀልደኛ ነኝ» ብለህ አትጻፍ፤ ይህን ስለራሱ የጻፈ ሰው አስቆኝ አያውቅም። በምትኩ የወንበሩን ሥራ በሁለት መስመር አስገባ፤ ምን እንደሠራህ፣ ምን ብሎ እንዳስቸገረህ፣ መንስኤውን በምን እንደለየኸው፣ ለ10 መቀመጥ ይቆጥር የነበረው ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ። መጨረሻ ላይ 10 ሳይሆን 11 ቢልህ 11 ብለህ ጻፍ፤ አሥራ አንደኛዋ ከየት እንደመጣች መጠየቅህ አይቀርም፣ እሱም ጥሩ ወሬ ይሆናል። ሌሎቹን ዘጠና በመቶዎች ለጊዜው ተዋቸው። በምን ተለክቶ ነው ዘጠና የሆነው ቢሉህ መልስ የለህም።

የሥራውን ዓይነት በሚመለከት፣ አንድ መስክ ልጠቁምህ። የሙከራ ኢንጂነር፣ ብዙዎቹ ቴስት ኢንጂነር የሚሉት፣ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው አንተ በቀልድህ የምታደርገውን ነው፤ መሆን የነበረበትንና የሆነውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ክፍተቱን ማየት። ፕሪንተሩ ሙሉ ሆኖ ባዶ ነኝ ማለቱ አንተን ያስቀሃል፤ ለቴስት ኢንጂነር ደግሞ ደመወዙ ነው። ተማሪዎች ይህን ሥራ ንድፍ መሥራት ያልቻለ ሰው የሚገባበት አድርገው ይንቁታል፤ ተሳስተዋል። መጻፍህን ካልተውክ የቴክኒክ መመሪያ የሚያዘጋጁትም፣ የአንድን ድርጅት ዕቃ ለሌሎች ኢንጂነሮች የሚያስረዱትም እንዳንተ ዓይነት ሰው ይፈልጋሉ። እነሱን ከመጀመሪያው ሥራህ በኋላ እናወራቸዋለን።

ደብዳቤህ ግርጌ ላይ፣ ላፕቶፔ ላይ ያሉትን ስቲከሮች ልላጣቸው ወይ ብለሃል። ይቆዩ። ካሜራው ላይ የለጠፍካትን ግን ቃለ መጠይቁ በኦንላይን ከሆነ ቀድመህ አንሳት። አንድ ጊዜ ሦስት ሰዎች ሆነን ሩብ ሰዓት ሙሉ ጥቁር ስክሪን ስናናግር ነበር፤ ልጁ በዚያ በኩል «እኔ አያችኋለሁ፣ እናንተ ጋ ነው ችግሩ» እያለ ኔትወርካችንን ሲመረምርልን ቆየ።