ለምታንጠባጥበው የአልሙኒየም ጀልባህ፦ ማሸጊያው የመጨረሻው ሥራ ነው

ሰላም ወንድሜ። ሚኒሶታ ውስጥ ያገለገለች ባለ 14 ጫማ የአልሙኒየም ጀልባ ገዝተህ፣ ሐይቅ ላይ ትንሽ ስትቆይ ወለሏ ላይ ውሃ እንደሚጠራቀም ጽፈሃል። ከኋላ በኩልም ነጭ ዱቄትና ትንንሽ ጉድጓዶች አይተሃል። «ሲሊኮን ልቀባት ወይስ በያጅ ጋ ልውሰዳት?» ነው ጥያቄህ። እኔ ሁለቱንም አልመክርህም። ከጓደኞቼ ጋር እንዲህ ያሉ ጀልባዎችን ስንጠግን ዓመታት ሆነን። ብዙዎቹን ያበላሸው እርጅና ሳይሆን ቦታውን ሳያውቁ ሙጫ መለቅለቅ ነው።

መጀመሪያ ውሃው የሚገባበትን ቦታ ለይ። ጀልባዋን ትሬለሯ ላይ እንዳለች ከውጭ አድርቃት፣ ጎማዎቹን በደንብ አስደግፍና ውስጧ ውሃ ጨምር። አራት ጣት ያህል ይበቃል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ አብዝተህ ከሞላሃት ክብደቱ ወለሏንም ትሬለሩንም ይጎዳል። ከዚያ ከሥር እያየህ ጠብታ ያለበትን ሁሉ በማርከር አክብበው። አትቸኩል። አንዳንዱ ሪቬት (ላሜራዎቹን የሚያያይዘው ችንካር) ወዲያው ያንጠባጥባል፣ አንዳንዱ ቆይቶ ያልበዋል።

ላሜራዎቹን አያይዘው የያዙት ሪቬቶች በማዕበልና በሞተር ንዝረት ይላላሉ። ደስ የሚለው ግን መልሰው ይጠብቃሉ። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከውጭ የሪቬቱ ራስ ላይ ከባድ ብረት አጥብቆ ይደግፋል፣ ሌላው ከውስጥ ጭራውን በመዶሻ ይመታል። ደጋግሞ ቀስ እያሉ መምታት ነው እንጂ በአንድ ምት አይሆንም። ሪቬቱ ሲጠብቅ የምቱ ድምፅ አጭርና ጠንካራ ይሆናል፤ ብረቱን የያዘው ሰውም ምቱ እጁ ድረስ ሲመጣ ይታወቀዋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ምልክት ትሄዳለህ።

ራሱ የተበላ ሪቬት ካለ በድሪል አውጥተህ ቀይረው። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። በየሱቁ የምታገኘው ተራ ፖፕ ሪቬት መሃሉ ክፍት ስለሆነ ውሃ ያስገባል። ጫፉ የተዘጋ የአልሙኒየም ሪቬት ጠይቅ፤ ማሸጊያ ቀብተህ አስገባው።

አሁን ወደ ነጩ ዱቄት። አልሙኒየም አየር ሲያገኝ ራሱን የሚጠብቅበት ስስ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ የሚሸነፈው እርጥብ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲጣበቅበት ወይም ሌላ ዓይነት ብረት እርጥበት ውስጥ ሲነካው ነው። ወለሉን ንቀልና እይ። ውሃ የጠጣ ፎም፣ የበሰበሰ ምንጣፍ፣ ከመንጠቆ የወደቀ የእርሳስ ማክበጃ ሁሉ ታገኛለህ። ሳንቲም ሳይቀር ጠላት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 በፊት የተሠራ የአሜሪካ ፔኒ 95 በመቶ መዳብ ነው፤ እርጥብ ወለል ላይ ወድቆ ከቀረ ላሜራውን ይበላዋል።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ሞተሩ የሚንጠለጠልበትን የኋላ ግድግዳ ነው። ውስጡ እንጨት አለ። የቀድሞው ባለቤት እንዳይበሰብስ በመድኃኒት የታከመ ጣውላ ተክቶበት ከሆነ ያየኸው ጉድጓድ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ መዳብ አለበት፤ እርጥበት ሲያገኝ አልሙኒየሙን ይጨርሰዋል። ሞተሩን ይዘህ ነቅንቀው። ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ሌላውን ሁሉ ተወውና ከዚያ ጀምር። እንጨቱን አውጥተህ ጥሩ የውጭ ኮምፔንሳቶ ተካ፤ ጠርዙንም የብሎን ቀዳዳዎቹንም በኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙጫ) ዝጋ። ሐይቅ መሃል ሞተር ተገንጥሎ መውደቅ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ።

ጉድጓዶቹን በወስፌ ጫን እያልክ ፈትን። ጠንካራ ከሆኑ በስቴንለስ ብሩሽ እስኪያበሩ ፈግፍጋቸው፣ በአሴቶን ጥረግና ሳትውል ሳታድር ኢፖክሲ ሙላ። ተራ የብረት ብሩሽ አትጠቀም፤ ብናኙ ተሰክቶ ሌላ መበላት ያመጣል። ወስፌው ካለፈ ግን 5052 ከሚባለው አልሙኒየም ጥጋጥጉ የተከረከመ መለጠፊያ ቆርጠህ በማሸጊያና በሪቬት ያዘው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የማሸጊያው ተራ። ከውስጥ በኩል በመገጣጠሚያዎቹና በሪቬቶቹ ላይ ግሉቪት የሚባለውን ኢፖክሲ እመርጣለሁ፤ ቀጭን ስለሆነ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። በሞቃት ቀን ሥራው። ሲሊኮንን ተወው። ውሎ አድሮ ይላቀቃል፣ የሚተወው ቅባት ደግሞ በኋላ ሌላ ነገር እንዳይዝ ያደርጋል።

ብየዳን የማልመክርህ በምክንያት ነው። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፣ ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ግን ከ2000 በላይ ይፈልጋል። ስስና የተበላ ላሜራ ላይ ጎበዝ በያጅ እንኳ ቀዳዳውን ሊያሰፋው ይችላል። ሙቀቱም በአጠገቡ ያሉትን ሪቬቶች ያላላል።

የጠጣውን ፎም ስታወጣ ደግሞ ባዶውን እንዳትተወው። ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ የሚያንሳፍፋት እሱ ነው። ውሃ የማይጠጣ ፎም ተካበት። ለክረምት ስታስቀምጣት የውሃ መውጫዋን ታፖ አውጥተህ አፍንጫዋን ቀና አድርጋት። እዚህ አገር በረዶው አይምርም፤ መገጣጠሚያ ውስጥ የቀረ ውሃ ሲረጋ ያብጥና ያጠበቅከውን ሁሉ ይከፍታል።

የኋላውን ግድግዳ ስትከፍት ፎቶ ለጥፍልን። እንጨቱን ካየሁ ምን ያህል ላሜራ መቀየር እንዳለብህ ልነግርህ እችላለሁ።